ዋሻውና ስደቱ፦ ዘርዐ ያዕቆብን ከኩራት ውጪ ማንበብ

በውጭ አገር የምንኖር፣ ተምረናል የምንል ኢትዮጵያውያን ስለ ዘርዐ ያዕቆብ ስንነጋገር የምናነሳው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛው «እኛም ፈላስፋ ነበረን፤ ያውም ከፈረንጆቹ እኩል» የሚለው ኩራት ነው። ሁለተኛው «ሐተታውን የጻፈው የአክሱሙ ሊቅ ነው ወይስ ጣሊያናዊው መነኩሴ?» የሚለው ሙግት ነው። በሁለቱም ላይ እንደ ጊዮርጊስና ቡና ደጋፊ ተሰልፈን እንጯጯሃለን። ሰውየው ምን ጠፍቶበት ምን እንደፈለገ፣ ያገኘውስ ነገር ለአንድ ሰው ዕድሜና ለአንድ ቤተሰብ ይበቃ እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ግን እምብዛም አይገኝም። እኔ የፍልስፍናም የነገረ መለኮትም ሰው አይደለሁም፤ መሐንዲስ ነኝ። ሆኖም መጽሐፉ ለሊቃውንት ብቻ የተጻፈ አይመስለኝምና የመሰለኝን ልበል። (ዓመቶቹን በሙሉ የማስቀምጠው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።)

ታሪኩን ለማያስታውስ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሐተታው እንደሚተርከው ዘርዐ ያዕቆብ በ1599 በአክሱም አካባቢ ከድሃ ገበሬ ቤት ተወለደ። ዜማ ጀመረ፤ ድምፁ አላምር አለና ጓደኞቹ ሳቁበት። ወደ ቅኔ ዞረ፤ ከዚያም ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ ገባና ዓመታት ቆየ። በትርጓሜ ትምህርት የሀገሩን ሊቃውንትም የፈረንጆቹንም አፈታት ሰማ፤ ሁለቱም ብዙ ጊዜ ከልቡናው ጋር እንደማይስማሙ ታዘበ፤ ግን ዝም አለ። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን ሃይማኖት በይፋ ተቀብለው፣ በ1626 ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ ፊት ለሮም መገዛታቸውን ካወጁ በኋላ አገሩ ለሁለት ተከፈለ። በዚህ መሐል ወልደ ዮሐንስ የሚባል የአክሱም ካህን «ሕዝቡን በፈረንጆች ላይ ያነሳሳል» ብሎ በንጉሡ ዘንድ ከሰሰው። ዘርዐ ያዕቆብ ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ በሌሊት ጠፋ። ወደ ሸዋ ሲያመራ በተከዜ አካባቢ ሰው የማይደርስበት ዋሻ አገኘና ሁለት ዓመት ተቀመጠበት። ሱስንዮስ በ1632 ወደ ቀድሞው ሃይማኖት መመለስን አውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ሲለቁ ከዋሻው ወጣ። እንፍራዝ ላይ ሀብቱ የሚባል ባለጸጋ አስጠጋው፤ መጻሕፍት እየገለበጠ፣ ልጆቹን እያስተማረ፣ የቤቱን አገልጋይ ሂሩትን አግብቶ ኖረ። ሐተታውን የጻፈው በ1667፣ በ68 ዓመቱ፣ ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወት ስለወተወተው ነው።

እንግዲህ ይህን ሰው «የኢትዮጵያ ዴካርት» ማለት ልማድ ሆኗል። ማመሳሰሉ ጭራሽ መሠረት የለውም አልልም። ዴካርት በ1619 ክረምት በደቡብ ጀርመን በምድጃ በሞቀ ክፍል ውስጥ ለብቻው ተቀምጦ ሁሉን ከመሠረቱ ለመጠየቅ እንደወሰነ በ1637 ባሳተመው መጽሐፉ ተርኳል፤ የኛውም ዋሻ ውስጥ ለብቻው ተቀምጦ ሁሉን ጠየቀ። ነገር ግን ጥያቄያቸው አንድ አይደለም። ዴካርትን ያስጨነቀው «እርግጠኛ ልሆንበት የምችለው ዕውቀት የቱ ነው?» የሚል ነው። ዘርዐ ያዕቆብን ያስጨነቀው ሌላ ነው፤ ሰዎች በእግዚአብሔር ስም ሲተላለቁ እያየ «እኔ የምጸልየው ወደ ማን ነው? የሚሰማኝስ አለ?» ብሎ ነው የተነሳው። አንደኛው ስለ ዕውቀት ተጨነቀ፤ ሁለተኛው ስለ ጸሎት። ከመሠረቱ የሚለያዩ ሁለት ፍለጋዎች ናቸው።

ይህን የምለው ሐተታውን ከዳር እስከ ዳር የሚያነብ ሰው ሊያልፈው የማይችለው አንድ ነገር ስላለ ነው፤ መጽሐፉ በዳዊት የተነከረ ነው። ሰውየው ከአክሱም ሲሸሽ ቤተ መጻሕፍት አልያዘም፤ ዳዊቱን ያዘ። ዋሻ ውስጥ ጠዋት ማታ ይደግማል። ጾምን ሲነቅፍ፣ ምንኩስናን ሲነቅፍ፣ ሴት በወር አበባዋ ርኩስ ናት የሚለውን የሙሴን ሕግ ሲነቅፍ፣ ሰውን እንደ እንስሳ መሸጥ መለወጥን ሲነቅፍ እንኳ ዓረፍተ ነገሩ በዳዊት ቋንቋ ይጀምራል ወይም ያልቃል። በየጉባኤው «ሃይማኖትን በምክንያት የመረመረ» ብለን ስናወድሰው ይህን ግማሽ ጎኑን ቆርጠን እንጥለዋለን። እርሱ መረመረ ሲባል ጸለየ ማለትም ነው። ሁለቱን ለመለየት የሚያስችል ስፌት በመጽሐፉ ውስጥ እኔ አላገኘሁም።

ልቡና የሚለውን ቃል ብቻ እንይ። በፈረንጅ ቋንቋ የሚተረጉሙት «አእምሮ» ወይም «ምክንያታዊ አስተሳሰብ» እያሉ ነው፤ እኛም ያንኑ ትርጉም መልሰን ተውሰን «ራሺናሊስት» እንለዋለን። ነገሩ የሌላ ሰው ብድር ከፍሎ የራስን ዕቃ እንደ መግዛት ነው። ልቡና ግን ማሰቢያ ብቻ አይደለም። በአማርኛችን «ልቡና ይስጥህ» ብለን የምንመርቀው ልጅ ሒሳብ እንዲችል አይደለም፤ እንዲያስተውል፣ እንዲታረም፣ ሰው እንዲሆን ነው። ዘርዐ ያዕቆብ የልቡና ብርሃን ሲል ክፉና ደጉን የሚለይበትን፣ ከፈጣሪው ጋር የሚነጋገርበትን ያን ሁሉ ማለቱ ነው። ቃሉን ወደ ማሽን ዝቅ አድርገን ስናበቃ ሰውየው ለምን ሁለት ዓመት ሙሉ እንደጸለየ ሊገባን አይችልም።

ወደ ሙግቱም ልለፍ፤ ማለፍ አይቻልምና። ሐተታውን በ1850ዎቹ መጀመሪያ ለፈረንሳዊው ተመራማሪ ለአንትዋን ዳባዲ የላከው ጣሊያናዊው ካፑቺን ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው። በፓሪስ የሚገኙት ሁለቱም ቅጂዎች የመጡት በእርሱ እጅ ነው። እርሱ በ1856 ካርቱም ውስጥ ሞተ። ኢኖ ሊትማን በ1904 ግዕዙን ሲያሳትም ማንም አልጠረጠረም፤ በ1920 ግን ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ «ይህ የጁስቶ ሥራ ነው» ብሎ ጻፈ፤ ተክለ ሃይማኖት የሚባሉ ኢትዮጵያዊ ካቶሊክ ካህን የሰጡትን ምስክርነትም ጠቀሰ። በ1934 ኦይገን ሚትቮኅ ደገፈው። በ1970ዎቹ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ካናዳዊው ክላውድ ሳምነር የጁስቶን ጽሑፎች ከሐተታው ጋር አነጻጽሮ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብሎ ተከራከረ። በ2013 አናይስ ቪዮን የጁስቶ ነው የሚለውን ወገን እንደገና አጠናከረች፤ ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ2017 የዘርዐ ያዕቆብ ነው ብለው ጻፉ። በ2022 ኦክስፎርድ ላይ በዚሁ ጉዳይ ጉባኤ ተደርጓል። እንዲህ እያለ ይቀጥላል።

በእኔ ሙያ የአንድ ድልድይ ሠሪ ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ድልድዩ ስንት ጭነት እንደሚሸከም መለካት ይቻላል። ይህን ስል ግን «ማንም ይጻፈው ምን አገባን» ማለቴ አይደለም፤ ይህ የሰነፍ መልስ ነው። የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። እስቲ ለክርክር ያህል ጁስቶ ጻፈው እንበል። እንግዲያውስ በፊታችን የቆመው፣ ሊያስተምር የተላከበትን ሃይማኖት በልቡ የሚጠራጠር፣ ይህን ግን በራሱ ስም መናገር ያልቻለ መነኩሴ ነው፤ ጥርጣሬውን የሌላ አገር ሰው ልብስ አልብሶ ዋሻ ውስጥ ደበቀው ማለት ነው። ዘርዐ ያዕቆብ ጻፈው እንበል። እርሱም በገዛ አንደበቱ የሚነግረን፣ ከክርስቲያኖች ጋር ክርስቲያን መስሎ መኖሩን፣ በልቡ ግን ከእግዚአብሔር በቀር በሌላ አለማመኑን ነው። ዋሻ ሳለ እንኳ ገበያ ሲወጣ ሰዎች ባሕታዊ መስሏቸው ይመጸውቱት ነበር። ከሁለቱ ማንኛውም ቢጽፈው መጽሐፉ የተደበቀ ፈላጊ መጽሐፍ ነው። ሙግተኞቹ ይህን አንድ የጋራ ነጥብ ረግጠውት ያልፋሉ።

መደበቁ ለምን እንደሚያሳስበኝ ለመናገር ወደ ሰፈሬ ልምጣ። የምኖረው ፍራንክፈርት ምዕራብ ጫፍ፣ ማይን ወንዝ ዳር፣ ዚንድሊንገን ነው። ከጎናችን የሄክስት የኬሚካል ፋብሪካዎች ግቢ አለ፤ ግማሹ ሰፈር ከዚያ ግቢ እንጀራ በልቷል። እኛ ሐበሾቹ ጥቂት ቤተሰቦች ነን። ቅዳሜ ማታ ቡና ሲፈላ አንድ ሳሎን ውስጥ የምንቀመጠውን ሰዎች ብቆጥር፣ ከአንድ አገር ወጥተው እግዚአብሔርን በአንድ መንገድ የሚፈልግ ሁለት ሰው አላገኝም። አንዷ እትያችን ነርስ ናቸው፤ የሌሊት ተረኛ ሆነው አድረው እንኳ እሑድ ቅዳሴ አያመልጣቸውም፤ ከሽንቁሩ ሚካኤል የመጣ ጠበል በላስቲክ ጠርሙስ ማቀዝቀዣቸው ውስጥ፣ ከወተቱ አጠገብ አለ። ሌላው ወንድማችን ጴንጤ ነው፤ ሐሙስ ሐሙስ በቤቱ ሰው ሰብስቦ ይጸልያል። የወሎው ልጅ ጁምዓን አያስታጉልም፤ መውሊድ ሲሆን ከአገር የተላከለትን መንዙማ እየሰማ ዓይኑ እንባ ያቀራል፤ የዳና ሼኮችን ታሪክ ሲጀምር ማንም አያስቆመው። አራተኛው የኬሚስትሪ ዶክተር ነው። «እኔ የዘርዐ ያዕቆብ ሃይማኖት ተከታይ ነኝ» ይላል። የትም አይሄድም፤ ልጆቹንም «18 ዓመት ሲሞላቸው ይምረጡ» ብሎ ትቷቸዋል።

ነርሷ አንድ ቀን ስኒ እያጠቡ፣ ቀና ሳይሉ እንዲህ አሉት፦ «አይ ዶክተር፣ ዋሻውስ አለህ። ዳዊቱ የታለ?»

ሁላችንም ሳቅን፤ እርሱም ሳቀ። ነገር ግን ስለ ዘርዐ ያዕቆብ ከሰማኋቸው ሒሶች ሁሉ የጠለቀው ይህ ነው። ዛሬ በስሙ የምንምለው ሰዎች የወረስነው ዋሻውን ብቻ ነው፤ መለየቱን፣ «ሃይማኖቴ የግሌ ጉዳይ ነው» ማለቱን። በየቀኑ መድገሙን፣ በመጨረሻም አንድ ነገር ላይ ቆርጦ መቆሙን ትተነዋል። እርሱ ጾም ሲነቅፍ ሌላ ድካም በቦታው ተክሎ ነው። ጸሎት አልቀነሰም። ሂሩትን ሲያገባም «አገልጋይ አይደለሽም፤ ባልና ሚስት እኩል ናቸው» ብሎ የሐሳቡን ዋጋ በቤቱ ከፍሏል፤ መልኳ ሳይሆን ጠባይዋና ትዕግሥቷ እንደ ማረከው ጽፏል። ለጥርጣሬው ምንም ያልከፈለ ሰው በእርሱ ስም ባይምል ደግ ነው።

ሆኖም የነርሷ ሒስ ዶክተሩን እንጂ ዘርዐ ያዕቆብን አይነካም። ዘርዐ ያዕቆብን የነካችው የዶክተሩ ልጅ ናት፤ 15 ዓመቷ ነው። ታሪኩን በጀርመንኛ ስነግራት አዳመጠችና «ታዲያ እነዚያን ልጆች ሲያስተምር ምን ነበር የሚነግራቸው? የሚያምነውን ነው ወይስ የሚያስመስለውን?» አለችኝ። እነሆ የመጽሐፉ ቁስል! ሰውየው እንፍራዝ ላይ አሥርት ዓመታት ኖረ። ዳዊት ገለበጠ፤ ማለትም ሌሎች በእርሱ መንገድ ሳይሆን በአባቶቻቸው መንገድ የሚጸልዩበትን መጽሐፍ እየጻፈ በላ። የልቡን የነገረው ለአንድ ደቀ መዝሙር ነው፤ ያም ወትውቶት። በእርግጥ ጊዜው ክፉ ነበር፤ ስለ ሃይማኖት ተብሎ በ1632 በአንድ ውጊያ ብቻ 8000 ያህል ሰው እንዳለቀ ይነገራል። መደበቁን ፈሪ ብዬ የምኮንንበት ድፍረት የለኝም። የምለው ስለ ሐሳቡ ነው። ለማንም ያልተነገረ ሐሳብ የሚያርመው አያገኝም። ስለ ጾም ያለው ክርክር ላይ ይህ ይታያል፤ ምግብ ሁሉ የፈጣሪ ስጦታ ነው ብሎ ይዘጋዋል። ጾም ሀብታሙንና ድሃውን በአንድ ማዕድ እኩል የሚያደርግበትን፣ ገበሬው ከጎረቤቱ ጋር አብሮ የሚርብበትን ነገር አንድ ጎረቤት ፊቱ ተቀምጦ ቢያነሳበት ምን ይል ነበር? በዋሻ ውስጥ ጎረቤት የለም።

አሁን ደግሞ በዚያው ዘመን፣ በዚያው ጦርነት፣ በተቃራኒ አቅጣጫ የሄደ ሌላ ሰው ልጥቀስ። አባ ጎርጎርዮስ ይባላል፤ የአማራ ሳይንቱ የመካነ ሥላሴ ሰው ነው፤ ዕድሜውም ከዘርዐ ያዕቆብ እምብዛም አይርቅም። ዘርዐ ያዕቆብ ከየሱሳውያኑ ሸሸ፤ ጎርጎርዮስ ከእነርሱ ጋር ወገነና እነርሱ ሲባረሩ አገር አጣ። በ1649 ሮም ውስጥ፣ በሐበሾች ማረፊያ በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት፣ አንድ የ25 ዓመት ጀርመናዊ መጣበት፤ ሂዮብ ሉዶልፍ። ሉዶልፍ ሉተራዊ ነበር፤ ግዕዝን የተማረው ከመጽሐፍ ነው። በ1652 ጎርጎርዮስ የጎታው መስፍን ኤርንስት ቤተ መንግሥት ድረስ ተጠርቶ መጣና ወራት ሙሉ ሲጠየቅ ከረመ፤ ስለ ጥምቀት፣ ስለ ግዝረት፣ ስለ ሰንበት፣ ስለ ምግብ፣ ስለ አማርኛ ግስ። መነጋገሪያቸው በአብዛኛው ግዕዝ ነበር። አስቡት፤ የሮም ወዳጅ የሆነ ሐበሻ መነኩሴ ለሉተራዊ መስፍን ስለ ተዋሕዶ ልማድ በግዕዝ ሲያስረዳ! በዋሻው ውስጥ ያልነበረው ነገር ሁሉ እዚህ አለ፤ ጠያቂ፣ ተጠያቂ፣ «ይህንስ እንዴት ታያለህ?» የሚል ባዕድ።

ይህን መንገድ ግን ከልክ በላይ አላሞግሰውም። ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገሩ ለመመለስ ሲሞክር በእስክንድሮና አቅራቢያ መርከቡ ተሰብሮ ሰጠመ። ለጠያቂው ደብዳቤ እንጂ ለእኛ ሐተታ አልተወልንም። ሉዶልፍ በ1678 ወደዚህ ወደ ፍራንክፈርት መጥቶ ኖረ፤ የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681፣ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1698 እዚሁ አሳተመ፤ በ1704 እዚሁ ሞተ። በእነዚያ ገጾች ውስጥ የጎርጎርዮስ ድምፅ አለ፤ ግን የሚሰማው ለፈረንጅ ጥያቄ መልስ ሆኖ ነው። ስደተኛ ፈላጊ አደጋው ይህ ነው፤ ሌላው የጠየቀውን ብቻ እየመለሰ ራሱ የሚጠይቀውን ይረሳል። እኛ እዚህ ስለ ሃይማኖታችን ለጀርመን የሥራ ባልደረቦቻችን በየዓመቱ የምንሰጠውን ማብራሪያ የሚያውቅ የምለው ይገባዋል፤ ገና ለምን በታኅሣሥ መጨረሻ እንዳልሆነ ከማስረዳት አልፈን አናውቅም።

ሦስተኛ መንገድም ነበረን። ጌታቸው ኃይሌ በ2004 ያወጡት የደቂቀ እስጢፋኖስ መጽሐፍ ብዙዎቻችን እጅ ስለገባ አልደግመውም። እነዚያ የ15ኛው ክፍለ ዘመን መነኮሳት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን (የስሙ መገጣጠም አይገርምም?) ፊት ለፊት «ለአንተ አንሰግድም» አሉ፤ ተገረፉ፣ ተሰደዱ፣ ሞቱ፤ ያመኑትንም በማኅበር፣ በእጃቸው ሠርተው እየበሉ ኖሩት። አልተደበቁም። ነገር ግን እንደዚያ ባለ ማኅበር ውስጥ የሚጠራጠር አንድ ወንድም ቢኖር ወዴት ይሄዳል? ገድላቸው የሚያሳየን የጸኑትን ነው። የኛ ዶክተር ጉንዳ ጉንዴ ቢወለድ ኖሮ አንድ ሳምንት የሚቆይ አይመስለኝም፤ ነርሷ ግን እመ ምኔት ይሆኑ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የምመለስበት ያ ብዙ ሰው የማያነበው ሁለተኛው ሐተታ ነው፤ የወልደ ሕይወት። ሊቃውንቱ «ከመምህሩ ያነሰ ነው፤ ምክር ያበዛል» ይሉታል። እውነት ነው፤ ያበዛል። ሚስትህን ውደድ፣ ልጅህን አስተምር፣ በእጅህ ሥራ፣ የእጅ ሙያን አትናቅ፣ ሳትመረምር አትመን እያለ ገጽ ይሞላል። የመምህሩ እሳት የለበትም፤ አንዳንዱ ቦታ እንደ ማሽን መመሪያ ያሰለቻል። ነገር ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ዘርዐ ያዕቆብ የጻፈው ስለ ራሱ ነው፤ ወልደ ሕይወት የጻፈው ለሌላ ሰው ነው፤ አንባቢውን ወንድሜ ብሎ ፊቱ አስቀምጦ። ምክሩ የበዛው ቤት ስላለ፣ ልጅ ስላለ፣ ጎረቤት ስላለ ነው። የመምህሩን ምሥጢር ወደ ደጅ ያወጣው እርሱ ነው፤ በሐተታው መጨረሻ ላይ መምህሩ በ93 ዓመቱ ማረፉን ጨምሮ የጻፈልንም እርሱ ነው።

ለዶክተሩ ልጅ ሁለቱን ሐተታዎች አንድ ላይ የያዘውን፣ በ2023 የወጣውን የእንግሊዝኛ ትርጉም ሰጥቻታለሁ፤ አማርኛ ማንበብ አትችልም። ከሁለተኛው እንድትጀምር ነግሬያታለሁ። አባቷ ደግሞ ነርሷ ቤት ሄዶ ዳዊት ተውሷል፤ አሮጌ፣ በግዕዝና በአማርኛ ጎን ለጎን የታተመ። እስካሁን አልመለሰም፤ እትያችንም አልጠየቁትም።